ለዓሣዬ ሚስት ፈልግለት ለሚሉኝ

በአንድ ጓደኛዎ ቤት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብቻውን የሚዋኝ፤ ክንፉ እንደ ሐር ጨርቅ የሚንዘረፈፍ፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ የሆነ ትንሽ ዓሣ አይተው ይሆናል። ስሙ ቤታ ይባላል። አይተውትም ከሆነ «ምነው ብቻውን ሆነ? ሴት ቢያስገቡለት ምን ነበረበት?» ብለው ሳያዝኑለት አልቀሩም። እኔ ቤታ ማሳደግ ከጀመርሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በእነዚህም ዓመታት ወደ ክፍሌ ከገባው እንግዳ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቀኝ የወጣ ቢኖር የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው።

መልሱ «አይሆንም» የሚል ነው። ነገር ግን የጠያቂው ልብ ደግ ስለ ሆነ፤ አይሆንም ብሎ ብቻ ዝም ማለት የሚያሳፍር ይሆናል። ከዚህም በላይ በዚህ ደግነት ምክንያት ብዙ ዓሣ ያልቃል። ሰውዬው ዓሣውን ይወደዋል፤ ብቸኝነቱ ያሳዝነዋል፤ ከደመወዙ ቆጥቦ ሴት ይገዛለታል፤ ማታ አገናኝቷቸው ይተኛል፤ ጧት ሲነሣ አንደኛዋ ክንፏ ተበጣጥሶ ከሣጥኑ ጥግ ተወሽቃ፤ አለዚያም ሞታ ያገኛታል።

ከሁሉ ይልቅ የተከራከሩኝ የቤቴ አከራይ ናቸው። እኔም ገና ትዳር ስላልያዝሁ፤ እኔንና ዓሣውን በአንድ ዓይን ነው የሚያዩን። «ልጄ፤ አንተስ እሺ ደመወዝህ አልበቃ ብሎህ ነው፤ እሱ ምን በደለ?» ይሉኛል። «እማማ፤ ቢገናኙ እኮ ይገድላታል» ስላቸው፤ «ባልና ሚስት መጀመሪያ ሳይጣላ የት አገር ይኖራል? ይለምዳሉ!» ብለው ይመልሱልኛል። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ክርክሩ ዘወትር በእርሳቸው ድል ያልቃል። እኔም ያን ጊዜ ያላስጨረሱኝን ነገር እዚህ ልጨርሰው።

የቤታ አገሩ ታይላንድ ነው፤ አገሪቱ ሲያም ትባል በነበረበት ዘመን «የሲያም ተዋጊ ዓሣ» የሚል ስም ወጣለት። የአገሩ ሰዎች በቋንቋቸው «ፕላ ካት» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ተናካሽ ዓሣ ማለት ነው። ቴዎዶር ካንቶር የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1849 ስለዚህ ዓሣ ሲጽፍ «ማክሮፖደስ ፑግናክስ» ብሎ መዘገበው፤ ፑግናክስ በላቲን ጠበኛ ማለት ነው። በ1910 ደግሞ ቻርልስ ቴት ሬጋን የተባለው እንግሊዛዊ የዓሣ ሊቅ፤ ጠበኛ የሚለው ስም ለሌላ ዝርያ የተሰጠ መሆኑን ተመልክቶ «ቤታ ስፕሌንደንስ» አለው፤ ይኸውም አንጸባራቂው ማለት ነው። ጠበኛ ተብሎ የተመዘገበ በ61 ዓመቱ አንጸባራቂ ሲባል፤ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ይህ ትልቅ የደረጃ እድገት ነው። በ2019 ደግሞ የታይላንድ መንግሥት ብሔራዊ የውሃ እንስሳ አድርጎ ሾመው። ጠባዩ ግን ከማዕረጉ ጋር አብሮ አልተለወጠም።

በተፈጥሮው የሚኖረው በሩዝ ማሳ፤ በረግረግና ውሃው ቀስ ብሎ በሚሄድ ቦይ ውስጥ ነው። ውሃው ሞቃትና ጥልቀት የሌለው፤ ሣርና አገዳ የበዛበት ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ኦክሲጅን ስለሚያንሰው፤ ቤታ ዓሦች ሁሉ ከሚተነፍሱበት ከስንጥቡ ሌላ፤ በራሱ ውስጥ አየር የሚቀበል ትርፍ መተንፈሻ አለው። በየጊዜው ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር የሚጎርሰውም ስለዚህ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሰምተው በብርጭቆ ውስጥ ሊያኖሩት ይፈልጋሉ። በብርጭቆ ውስጥ መተንፈስ ይችላል፤ መኖር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለአንድ ቤታ ቢያንስ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚሞላ ውሃ ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ወደ ጠቡ እንመለስ። ወንዱ ቤታ በሩዙ አገዳ መካከል አንዲት ጥግ ይይዛል። ያቺ ጥግ ርስቱ ናት። በርስቷም ላይ ጎጆ ይቀልሳል፤ ጎጆ የሚቀልሰው ወንዱ ነው። ከውሃው ገጽ አየር እየጎረሰ፤ በአፉ ውስጥ ባለው ዝልግልግ ምራቅ እየለበጠ፤ ጥቃቅን አረፋ አንድ ባንድ ይተፋና ከቅጠል ሥር ያጠራቅመዋል። እንግዶቼ ይህን አረፋ ሲያዩ «ይኸው ጎጆ ወጥቶ ሚስት እየጠበቀ ነው!» ይላሉ። ጤነኛና ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ግን ሴት በአካባቢው ባትኖርም ጎጆውን ይሠራል። እንደ ደስታም እንደ ልመናም ሊቆጠር አይገባም፤ ሥራው ነው።

ታዲያ ወደዚያች ጥግ የሚመጣ ሁሉ ለእርሱ ድንበር ገፊ ነው። ሌላ ወንድ ከመጣ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የስንጥቡን ክዳን እንደ ጋሻ ዘርግቶ፤ ክንፉን ነፍቶ ይገጥመዋል። ሴት ከመጣች ደግሞ አንድ ነገር ይመለከታል፤ ዕንቁላል ለመጣል ተዘጋጅታለች ወይስ አልተዘጋጀችም? ከተዘጋጀች እየተንዘፈዘፈ ወደ ጎጆው ይመራታል። ካልተዘጋጀች ግን እንደ ሌባ ያያታል፤ በእርግጥም ሴት ቤታ ዕንቁላል ካገኘች የምትበላ ስለ ሆነች በከንቱ አልጠረጠራትም። ነክሶ ያባርራታል።

ልብ ይበሉ፤ በሩዝ ማሳ ውስጥ ይህ ማባረር ማንንም አይገድልም። እርስዋ ጥቂት ስንዝር ሸሽታ ከአገዳው መካከል ትሰወራለች፤ እርሱም ርስቱን ትቶ ሩቅ ሊከተላት አይፈልግም። ጠቡ በዚያው ያልቃል። በእኛ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን ርዝመቱ አንድ ክንድ የማይሞላውን ውሃ ወንዱ ከዳር እስከ ዳር ርስቱ አድርጎ ይዞታል። ሴቲቱ እግር ባይኖራትም እግሬ አውጪኝ ብላ ትሮጣለች፤ ከመስታወቱ ጋር ተጋጭታ ትመለሳለች፤ ተመልሳም ከፊቱ ትገኛለች። ለእርሱ ይህ ድፍረት ነው፤ አባርሯት ሳለ አልሄድ አለች። ስለዚህ ደግሞ ይነክሳታል። እንዲህ እየሆነ ቀኑ ይመሻል። በሣጥን ውስጥ ሽማግሌ የለም፤ ወደ እናት ቤት ኩርፊያም የለም።

በዚህ ላይ የሰው እጅ ተጨምሮበታል። በታይላንድ ሰዎች ለብዙ ዘመናት ቤታን እያዋጉ ሲወራረዱበት ኖረዋል፤ በቶሎ የሚሸሸውን እየተዉ፤ የሚጸናውን እየመረጡ አራቡት። ዛሬ በየሱቁ የምናገኘው ባለ ረጅም ክንፍ ቆንጆ ለመልኩ ቢራባም የእነዚያ ተዋጊዎች ዘር አለበት። ትራቪስ ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1963 ባሳተመው ሙከራ፤ ወንድ ቤታ የራሱን መልክ በመስታወት ለማየት ሲል ብቻ አንድ ተግባር ደጋግሞ መሥራት እንደሚማር አሳይቷል። ምግብ ሳይሰጡት፤ የሚቆጣበትን ባላጋራ ለማየት ብቻ ይደክማል ማለት ነው። እኛ ብቸኝነት ነው ብለን ያዘንንለት ፍጡር እንዲህ ያለ ነው።

ሴቲቱንም የዋህ አድርጌ እንዳላቀርባት እፈራለሁ። ክንፏ አጭር ስለ ሆነ ፈጣን ናት፤ ወንዱ ደግሞ ያንን ሁሉ ዘርፍ እየጎተተ የሚዋኝ ስለ ሆነ ቀርፋፋ ነው። ኀይለኛ ሴት ሲያጋጥመው የእርሱ ክንፍ እንደ አሮጌ ባንዲራ ተተልትሎ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ማን ማንን ያጠቃል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ መልስ የለውም።

ሁለተኛዋን ዓሣ፤ ማለት ሴቲቱን፤ የገዛሁ ጊዜ ሻጩ «ባሏንም አብረው ይውሰዱ፤ በአንድ ሣጥን ይኖራሉ» ብሎ ሁለቱን በአንድ ላስቲክ ሊጨምርልኝ ነበር። አመስግኜ ሴቲቱን ብቻ ወሰድሁ። ዓላማዬ ማጋባት ሳይሆን ማራባት ነበረ፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ቤታ ሲራባ ወንዱና ሴቲቱ አብረው የሚቆዩት ለሰዓታት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የየራሳቸው ቤት ሊኖራቸው ይገባል።

ያደረግሁትን ልንገርዎ። ሴቲቱን በራሷ ሣጥን ሦስት ሳምንት ያህል አስቀምጬ የትንኝ እጭ ስመግባት ሆዷ ሞላ፤ ከሆዷም በታች እንደ ጨው ቅንጣት ያለች ነጭ ነጥብ ታየች። በወንዱም ሣጥን ውሃውን ዝቅ አድርጌ ወደ 15 ሳንቲሜትር አወረድሁት፤ ሴቲቱ የምትሸሸግበት ብዙ ቅጠል ጨመርሁ፤ ማሞቂያውን 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አደረግሁት። ይህ ማሞቂያ ቅንጦት አይምሰልዎ። ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚፈልግ የቆላ ፍጡር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ደጋ ስለ ሆነች በክፍል ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ሌሊት ከዚያ በታች ይወርዳል።

ከዚያ የአሮጌ ፋኖስ መስታወት አጥቤ በሣጥኑ መካከል አቆምሁና ሴቲቱን በውስጡ አስገባኋት። ሁለቱም ይተያያሉ፤ ግን አይነካኩም። መጀመሪያ ጎኗ ላይ ከራስ እስከ ጅራት የተጋደሙ ጥቁር መስመሮች ታዩ፤ ይህ የፍርሃት ምልክት ነው። በዚህ ጊዜ መስታወቱን ያነሣ ሰው ዓሣዋን ይጎዳታል። በማግሥቱ ግን መስመሮቹ ጠፍተው ከላይ ወደ ታች የወረዱ ነጣ ያሉ ሰንበሮች ወጡባት፤ ወደ ወንዱም ስትቀርብ ራሷን ዘቅዝቃ ነበር። እርሱም በበኩሉ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጎጆው የመዳፌን ያህል ሰፍቷል። መስታወቱን ቀስ ብዬ ያነሣሁት እሑድ ከምሳ በፊት ነው፤ እሑድን የመረጥሁትም ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ስለ ነበረብኝ ነው።

ጥቂት ንክሻ ነበረ፤ ይህ የተለመደ ነው። ሁለት ጊዜ ከቅጠሉ ሥር ገብታ ተደበቀች፤ ሁለት ጊዜ ራሷ ተመለሰች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከጎጆው ሥር ወንዱ ገላውን እንደ ቀለበት አጥፎ አቀፋት። ሲላቀቁ እርስዋ ራሷን እንደ ሳተች ሆና ወደ ላይ ተንሳፈፈች፤ ከሥሯም ነጫጭ ዕንቁላሎች እንደ አሸዋ ይወርዱ ጀመር። ወንዱ አንዱንም መሬት ሳያስነካ በአፉ እየለቀመ ከጎጆው አረፋ ውስጥ ይሰካቸዋል። ይህን ያህል ጠበኛ የሆነ አፍ ያን ያህል ቀጭን ሥራ ሲሠራ ማየት፤ እውነት ለመናገር፤ ከምሳዬ አስቀርቶኛል። ይህም ሲደጋገም ሰዓታት አለፉ።

ዕንቁላሉ ሲያልቅ ግን የመንደር ሰላም አበቃ። ወንዱ ወዲያውኑ ፊቱን አዙሮ ያሳድዳት ጀመር፤ አሁን ጎጆው ሙሉ ስለ ሆነ እርስዋ ከእንግዲህ የሚፈራት ሌባ ናት። አውጥቼ ወደ ሣጥኗ መለስኋት። የክንፏ ጫፍ በሁለት ቦታ ተቆርጧል፤ ከዚህ በቀር ደኅና ነበረች። ሩብ ሰዓት ብዘገይ ኖሮ እንዲህ አልጽፍም ነበር።

ዕንቁላሉ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። ልጆቹ እንደ ክር ቁራጭ ከአረፋው ተንጠልጥለው፤ ሲወድቁ አባትየው እየለቀመ ይመልሳቸዋል። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋና ማሞቂያው ቆመ፤ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ አጠገቡ አደርሁ። ልጆቹ ወደ ጎን መዋኘት ሲጀምሩ አባትየውም ተራው ደርሶ ወጣ፤ ከዚህ በላይ ቢቆይ ሊበላቸው ይችላልና።

አሁን በርኅራኄ ሚስት የሚፈልጉ ሰዎች የማያስቡበት ነገር መጣ። የልጆቹ አፍ ከመጥበቡ የተነሣ የሱቅ ምግብ አይበሉም፤ ሣር በውሃ ዘፍዝፌ በውስጡ የሚፈሉትን ለዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አበላኋቸው። ብዙዎቹ ሞቱ። ገና ሲደርስ የቀሩት 34 ነበሩ። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ስንጥብ መዘርጋት ጀመሩ፤ ቆጠርኋቸው፤ 15 ናቸው። አሥራ አምስት ባለ ርስት!

ለየብቻ መለየት ግድ ሆነ። የማርማላታ ጠርሙስ ከጎረቤትና ከቢሮ ሰበሰብሁ፤ ጠርሙሶቹን ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ደረደርኋቸው፤ እንዳይተያዩ በመካከላቸው የካርቶን ቁራጭ አቆምሁ። በእንዲህ ያለ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ውሃው ቶሎ ስለሚበከል በየማታው ይለወጣል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ከአንድ ቀን በፊት ተቀድቶ መቀመጥ አለበት። ከሥራ ስገባ አንድ ሰዓት ተኩል ለጠርሙስ፤ የቀረው ለእራት ነበር። አከራዬ የወሩ የውሃ ሒሳብ ሲመጣ ወደ ክፍሌ ገብተው፤ ሳፋውን ለረጅም ጊዜ ተመልክተው፤ «ምነው ልጄ ባላጋባሃቸው!» አሉኝ። በእርግጥ ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው ሳይንስ አይደለም፤ የውሃ ሒሳቡ ነው። ዓሣዎቹን ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼና ለሰፈር ተማሪዎች አንድ ባንድ እስካከፋፍል ድረስ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ለእያንዳንዱ ተቀባይም ይህንኑ ንግግር አደረግሁ።

«እንግዲያው ከአንድ በላይ ቤታ በአንድነት ማየት የሚወድ ሰው ምን ያድርግ?» ይሉ ይሆናል። ሴቶችን ብቻ፤ አምስትና ከዚያ በላይ አድርገው፤ ቅጠል በበዛበት ሰፊ ሣጥን ውስጥ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። የሚሳካበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ከወራት ሰላም በኋላ በአንድ ሌሊት የሚፈርስበትም ጊዜ ስላለ ለጀማሪ አልመክርም። «ቤታ ኢምቤሊስ» የሚባል የማሌዥያና የደቡብ ታይላንድ ዘመድም አለው፤ ስሙ ጦር የማይወድ ማለት ነው፤ በሰፊ ሣጥን ውስጥ ወንድና ሴቱ በአንድነት ሊኖሩ ይችላሉ። በስሙ ብቻ ተማምነው በጠባብ ሣጥን እንዳያጉሩት እንጂ።

ምናልባት ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ሁለቱን ቀደም ብለው አገናኝተው ከሆነ፤ እስከ ነገ አይጠብቁ። ሌላ ሣጥን ከሌለዎ ንጹሕ የሆነ፤ ሳሙና ያልነካው ባልዲ ይበቃል። የሚወጣው የተጎዳው ዓሣ ነው። ውሃውን ከዚያው ከሣጥኑ ይቅዱለት፤ አዲስ የቧንቧ ውሃ አይጨምሩበት። ቤታ ይዘላልና ባልዲውን ቀዳዳ ባለው ነገር ይክደኑ፤ ሙቀቱም እንዳይወርድ ይጠንቀቁ። የተበጣጠሰ ክንፍ ውሃው ንጹሕና ሞቃት ከሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልሶ ያድጋል፤ አዲሱ ክፍል መጀመሪያ እንደ መስታወት ቀለም የሌለው ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ አይደንግጡ፤ ቀለሙ ኋላ ይመጣል።